የኪቦርድ ፕሌት ቀለም፦ የስፕሬይ ጣሳ፣ ጋራዥ፣ ፓውደር ኮት ወይስ አኖዳይዝ?

በሜካኒካል ኪቦርድ ውስጥ ስዊቾቹ (በየቁልፉ ሥር ያሉት መጫኛዎች) የሚሰኩበት ስስ የብረት ሳህን ፕሌት ይባላል። ለእሱ ቀለም ከመምረጣችሁ በፊት አንድ ቁጥር ያዙ፦ 14 ሚሊሜትር። ስዊቹ የሚገባበት የአራት ማዕዘን ቀዳዳ የጎን ልክ ነው። ቼሪ ኤምኤክስ የሚባለውን የተለመደ ዓይነት ስዊች የሚይዝ ፕሌት በዚህ ልክ ይቆረጣል። የሚፈቀድለት ልዩነት 0.05 ሚሊሜትር ብቻ ነው። ሁለተኛው ቁጥር 1.5 ሚሊሜትር ነው። ይህ የፕሌቱ ውፍረት ነው። በ0.1 ከፍ ወይም ዝቅ ቢል ስዊቹ ይችለዋል። ከዚያ ከወፈረ ግን የስዊቹ ትንንሽ መንጠቆዎች ከፕሌቱ ሥር ገብተው መያዝ ያቅታቸዋል።

ስለ ፕሌት ቀለም ሲነሳ ሁሌ የሚቀድመው መልክ ነው። ጥቁር ይሁን ነጭ፣ ማት ይሁን አብረቅራቂ። እኔ ቅደም ተከተሉ እንዲገለበጥ አጥብቄ እመክራለሁ። መጀመሪያ የሽፋኑ ውፍረት፣ ቀጥሎ ብረቱ ምን እንደሆነ፣ ከዚያ ስዊቹን ምን ያህል እንደምትቀያይሩ። መልኩ መጨረሻ ይምጣ። በዚህ መንገድ ከሄዳችሁ ምርጫው ራሱ እየጠበበ ይመጣል። ያማረ ግን ስዊች የማይገባበት ፕሌት ይዛችሁ አትቀሩም።

አንድ ነገር አስቀድማችሁ አረጋግጡ። ኪቦርዳችሁ ሆት-ስዋፕ (ስዊቹ ያለ ሶልደር የሚሰካና የሚነቀል) ነው ወይስ ስዊቹ ፒሲቢው (የኤሌክትሮኒክስ ሰሌዳው) ላይ በሶልደር የተያዘ? ስዊቹ ፕሌቱን አልፎ ነው ፒሲቢው ላይ የሚቀመጠው። ስለዚህ ሶልደር የተደረገ ኪቦርድ ላይ ፕሌቱን ለማውጣት የሁሉንም ስዊች ሶልደር መፍታት ግድ ነው። 60 ፐርሰንት በሚባለው ትንሽ ኪቦርድ ላይ እንኳ 61 ቁልፍ አለ። ለቀለም ብቻ ሲባል ይህን ሁሉ መፍታት አያዋጣም፤ የፒሲቢው ስስ የመዳብ ቀለበቶች በሙቀት ሊነቀሉ ይችላሉ። እንግዲህ ይህ መመሪያ የሚጠቅመው ሆት-ስዋፕ ላላቸው፣ ያልተገጣጠመ ፕሌት በእጃቸው ላለ፣ ወይም ፕሌት በሌዘር ሊያስቆርጡ ላሰቡ ነው።

ሽፋኑ የሚበላው ቦታ

የቀለም ውፍረት የሚለካው በማይክሮን ነው። አንድ ሚሊሜትር 1000 ማይክሮን ነው። ከጣሳ የሚረጭ ቀለም ፕራይመሩ (ከቀለሙ ሥር የሚቀባው) እና ክሊሩ (ከላይ የሚሸፍነው ቀለም አልባ ቅብ) ተደምሮ ሲደርቅ ብዙውን ጊዜ ከ50 እስከ 100 ማይክሮን ይሆናል። ፓውደር ኮት፣ ማለትም ምድጃ ውስጥ የሚጋገረው ዱቄት ቀለም፣ ከ60 እስከ 120 ይደርሳል። ሴራኮት የሚባለው ሴራሚክ ያለበት ቀለም 25 አካባቢ ነው። አኖዳይዝ የአልሙኒየሙን ላይ በአሲድና በኤሌክትሪክ ወደ ጠንካራ ቆዳ መለወጥ ነው፤ የተለመደው ባለቀለም ዓይነት ከ5 እስከ 25 ማይክሮን ነው። ከዚያም ላይ ግማሹ ወይም ከዚያ በላይ የሆነው ወደ ብረቱ ውስጥ ስለሚገባ ወደ ውጭ የሚጨምረው ቢበዛ ግማሹን ብቻ ነው።

እነዚህን ቁጥሮች ወደ ቀዳዳው እንውሰዳቸው። ቀለም በሁለቱ ተቃራኒ ግድግዳዎች ላይ ስለሚያርፍ የሚቀነሰው ስፋት እጥፍ ነው። 80 ማይክሮን ፓውደር ግድግዳዎቹ ላይ ሙሉ በሙሉ ቢያርፍ 14.00 የነበረው 13.84 ይሆናል። ስዊቹን በግድ ልታስገቡት ትችሉ ይሆናል። ሲገባ ግን ቀለሙን እየፋቀ ነው። አንዳንዱ ጠማማ ሆኖ ይቀመጣል፤ ፒኑም ፒሲቢው ላይ ሶኬቱን ስቶ ይጣመማል። 10 ማይክሮን አኖዳይዝ ግን ከቀዳዳው የሚወስደው ቢበዛ 0.01 ሚሊሜትር ነው። 13.99 ሆነ ማለት ነው። በተፈቀደው ልዩነት ውስጥ ነው፤ ስዊቹ ያለ ችግር ይገባል።

በፕሌቱ ውፍረት ላይም ያው ነው። ከላይም ከታችም 80 ማይክሮን ብትቀቡት 1.66 ሚሊሜትር ይሆናል፤ ከተፈቀደው 1.6 አለፈ። ከላይ ብቻ ብትቀቡት 1.58 ነው፤ መንጠቆው ይይዛል። ስለዚህ የትኛውንም ወፍራም ቀለም ብትመርጡ የፕሌቱን ጀርባ ቀለም አይንካው። ጀርባውን ማንም አያየውም።

ዓይን የሚያየው ምን ያህሉን ነው?

ይህ ክፍል ብዙ ገንዘብና ድካም ያድናል። በሁለት ስዊቾች መሃል ለመሃል ያለው ርቀት 19.05 ሚሊሜትር ነው። የስዊቹ ከንፈር፣ ማለትም ፕሌቱ ላይ የሚያርፈው ክፍል፣ 15.6 ሚሊሜትር ነው። ቀንሱት። ከስዊች እስከ ስዊች የሚታየው የፕሌት ፊት 3.45 ሚሊሜትር ስፋት ያለው ስስ መስመር ነው። ከዚያ ደግሞ ኪካፕ፣ ማለትም በጣት የሚነካው የቁልፉ ክዳን፣ ይመጣል። ኪካፖች በመካከላቸው የሚተዉት ክፍተት ወደ 1 ሚሊሜትር ብቻ ነው። ፕሌቱ በሰፊው የሚታየው በአቅጣጫ ቁልፎቹ ዙሪያ፣ በኤፍ ረድፍና በቁጥር ረድፍ መካከል፣ እና ጎኑ ክፍት በሆነ ኬዝ (የኪቦርዱ ሣጥን) ላይ ነው።

ከዚህ ሁለት ነገር እንማራለን። አንደኛ፣ መስታወት የመሰለ አንጸባራቂ ክሊር ለማውጣት ቀን ሙሉ በቁጥር 2000 ብርጭቆ ወረቀት ማሸት ለፕሌት ከንቱ ልፋት ነው። ለኬዝ ይሁን፤ ለፕሌት አይሁን። ሁለተኛ፣ የስዊቹ ከንፈር የቀዳዳውን ጠርዝ በየጎኑ 0.8 ሚሊሜትር ያህል ይሸፍናል። በዚያች ጠርዝ ላይ ቀለሙ ትንሽ ቢፋቅ ወይም ብትሞርዱት አይታይም። ይህን ማወቅ በጣም ነፃ ያወጣል፤ ቀዳዳዎቹን ያለ ፍርሃት ማስተካከል ትችላላችሁ።

መልክን በተመለከተ አንድ እውነተኛ ልዩነት የሚያመጣ ነገር አለ፤ እሱም ነጭ ቀለም ነው። ኪቦርዳችሁ መብራት ካለው ነጭ ፕሌት ከፒሲቢው የሚወጣውን ብርሃን ወደ ኪካፑ ሥር መልሶ ይበትነዋል። መብራቱ ደማቅና እኩል የተሰራጨ ይሆናል። ጥቁር ማት ፕሌት ብርሃኑን ይውጠዋል። መብራት የማትጠቀሙ ከሆነ ጥቁር ወይም ጥቁር ግራጫ ይሻላል፤ አቧራው በርግጥ ይታይበታል፣ ግን ኪካፑን አጉልቶ ያሳያል። ድምፅን በተመለከተ ብዙ አትጠብቁ። ድምፁን የሚቀይረው ፕሌቱ የተሠራበት ብረትና አሰቃቀሉ ነው፤ ከ100 ማይክሮን ያነሰ ቀለም በጆሮ የሚለይ ለውጥ ያመጣል ብዬ አላምንም።

ብረቱ ምንድን ነው?

አልሙኒየም ከሆነ በሩ ሁሉ ክፍት ነው። አኖዳይዝ ይሆናል፣ ፓውደር ይሆናል፣ ስፕሬይም ይሆናል። ለስፕሬይ ግን አንድ ጠባይ አለው። አልሙኒየም አየር ሲነካው ወዲያው ስስ የኦክሳይድ ቆዳ ያወጣል። ተራ ቀለም በቀጥታ ብትረጩበት ለጊዜው ያምራል፣ ከዚያ በጥፍር ይላጣል። ስለዚህ ሰልፍ-ኤች የሚባለው አሲድ ያለበት ፕራይመር ወይም ኢፖክሲ ፕራይመር የግድ ነው። ይህን ማለፍ አይቻልም።

ተራ ብረት ቀለም በደንብ ይይዛል። ችግሩ ዝገት ነው። ቀዳዳዎቹን ሞርዳችሁ ባዶ ከተዋችኋቸው እርጥበት ባለበት አገር ጠርዙ ይዝጋል። በሌዘር የተቆረጠ ከሆነ ቆራጩን በምን ጋዝ እንደቆረጠው ጠይቁት። በኦክስጅን ከተቆረጠ ጠርዙ ላይ የተቃጠለ ቅርፊት ይቀራል። ቀለሙ ቅርፊቱን ይይዛል፣ ቅርፊቱ ደግሞ ብረቱን ይለቃል። ስለዚህ ሞርዳችሁ አንሱት። በናይትሮጅን የተቆረጠ ጠርዝ ንጹህ ነው።

ስቴይንለስ ስቲል ቀለም አይወድም። በጣም ለስላሳ ነው፤ ቀለም የሚይዝበት ሻካራ ነገር የለውም። በቁጥር 240 ወይም 320 ብርጭቆ ወረቀት በደንብ አሻክራችሁ ኢፖክሲ ፕራይመር ካልሰጣችሁት አይሆንም። እኔ ስቴይንለስ ፕሌት ያለው ሰው ሳይቀባ በአንድ አቅጣጫ እንዲያሸው ነው የምመክረው። አይዝግም፣ ያምራል፣ ቀዳዳውም አይጠብም።

ብራስ የሚባለው ቢጫ ነሐስም እንዲሁ ነው። ሰው ብራስ ፕሌት በውድ የሚገዛው ለክብደቱ፣ ለድምፁና ለመልኩ ነው። በቀለም መሸፈን የመልኩን ነገር ማጥፋት ነው። ከጊዜ ጋር መጥቆሩን ካልወደዳችሁ በደንብ አጥርታችሁ አንድ ስስ ክሊር ብቻ ስጡት።

የስፕሬይ ጣሳ

ቤት ውስጥ ላለ ሰው ቀላሉ መንገድ ይህ ነው። ግን ጣሳ ሁሉ አንድ አይደለም። ሦስት ዓይነት አለ፤ በመካከላቸው ያለው ልዩነትም ሰፊ ነው።

አክሬሊክ ላከር የሚደርቀው ቲነሩ ሲተን ነው። ቶሎ ይደርቃል፣ ስስ ሆኖ ይቀመጣል። ስሕተት ከተፈጠረ በአሴቶን ጠርጋችሁ ከዜሮ መጀመር ትችላላችሁ። ድክመቱም እዚሁ ላይ ነው። ከዓመት በኋላ እንኳ አሴቶን ቢነካው ይሟሟል። ጠንካራ አልኮልም ሊያለሰልሰው ይችላል። ስዊች እየነቀላችሁ የምታጸዱ ከሆነ ይህን አስቡበት። ጥንካሬውም መካከለኛ ነው፤ የስዊች መንቀያው ብረት ጫፍ ቢያንሸራትት ይጭረዋል።

ኢናሜል የሚባለው ለበርና ለአጥር የምናውቀው ቀለም ነው። የሚጠነክረው ከአየር ኦክስጅን ጋር ሲዋሃድ ነው። ይህ ደግሞ ሳምንታት ይፈልጋል። በእጅ ሲነካ ደረቅ ይመስላል፤ ስዊች ስታስገቡበት ግን የከንፈሩ ቅርጽ ታትሞበት ይቀራል። ሁለተኛ እጅ የምትረጩበት ሰዓትም አስቸጋሪ ነው። ብዙዎቹ ጣሳዎች ላይ በአንድ ሰዓት ውስጥ ወይም ከ24 እስከ 48 ሰዓት በኋላ ርጩ ይላል። በመካከል ከረጫችሁ ይጨማደዳል። በኢናሜል ላይ ላከር ብትረጩም እንዲሁ ይጨማደዳል። ለፕሌት ኢናሜልን አልመክርም። በገበያ ላይ በብዛት የሚገኘው እሱ ቢሆንም እንኳ።

ሦስተኛው ባለ ሁለት ክፍል ወይም ቱ-ኬ የሚባለው ነው። በጣሳው ውስጥ ሃርድነሩ (ማጠንከሪያው) ለብቻው ታሽጎ ይመጣል። ከሥር ያለውን መጫኛ ስትመቱት ይቀላቀላል። ከዚያ በኋላ በአንድ ወይም በሁለት ቀን ውስጥ ካልጨረሳችሁት ጣሳው ውስጥ ይደርቃል። ሲጠነክር አልኮልም ቤንዚንም አይነካውም። ከጣሳ ከሚወጣው ሁሉ ይህን የሚያህል ጥንካሬ ያለው የለም። ነገር ግን አይሶሳያኔት የሚባል ነገር አለበት። ሲተነፍሱት አስም ሊያመጣ ይችላል፤ አንዴ ሰውነት ከተቆጣበት ትንሽ ሽታው እንኳ ዳግም ሊቀሰቅሰው ይችላል። የጨርቅ ማስክ እዚህ ላይ ዋጋ የለውም። ባለሙያዎች ንጹህ አየር በቱቦ የሚመጣበት መተንፈሻ አድርገው ነው የሚሠሩት። ስለዚህ ቱ-ኬን ቤት ውስጥ፣ በረንዳ ላይም ቢሆን፣ ልጆች ባሉበት ግቢ አትርጩ። ይህን የምለው በሙሉ ልቤ ነው።

ለውጭ አገር ዘመድ ጥሩ ስፕሬይ አምጣልኝ ማለት የተለመደ ነው። አይቻልም። የስፕሬይ ቀለም ተቀጣጣይ ጣሳ ስለሆነ በእጅ ሻንጣም ሆነ በሚጫን ሻንጣ በአውሮፕላን ክልክል ነው። የሚያመጣውን ሰው ጣጣ ውስጥ አትክተቱት። ፕራይመሩም፣ ቀለሙም፣ ክሊሩም ካላችሁበት ከተማ የሚገኝ መሆን አለበት።

ጋራዥ

አዲስ አበባ ላይ ሆኜ ምርጫ ብሰጥ ከጣሳ በፊት የማየው ጋራዥ ነው። የመኪና ቀለም ቀቢ ኮምፕሬሰር አለው፣ ቱ-ኬ ክሊር ከሃርድነር ጋር ቀላቅሎ መርጨት የዕለት ሥራው ነው። ፕራይመሩም አለው። ፕሌት ደግሞ ከመኪና በር አንጻር ኢምንት ነው። ለሌላ መኪና ከቀላቀለው ቀለም የተረፈው ይበቃዋል።

ቀለሙንም በኮድ መጠየቅ ትችላላችሁ። የቶዮታ 040 ነጭ ወይም 202 ጥቁር በሉ፤ ከተማው በቶዮታ የተሞላ ስለሆነ ቀቢው ሁለቱንም ያውቃቸዋል። ለመብራት 040 በጣም ጥሩ ነጭ ነው።

ከቀቢው ጋር የሚኖረው ፈተና ሌላ ነው። የመኪና ቀቢ የለመደው ጠገብ አድርጎ መርጨት ነው። በር ላይ ወፍራም ክሊር ውበት ነው። ፕሌት ላይ ግን ችግር ነው። ስለዚህ ስዊች ይዛችሁ ሂዱ። ቀዳዳው ውስጥ አስገብታችሁ አሳዩት። «ከላይ ብቻ፣ ስስ አድርገህ፣ ከፊት ለፊት» በሉት። ስቱኮ እንዳያስነካው ንገሩት። አንድ እጅ ፕራይመር፣ ሁለት ስስ እጅ ቀለም፣ አንድ ስስ እጅ ክሊር ይበቃል። ማት ከፈለጋችሁ ማት ክሊር እንዳለው አስቀድማችሁ ጠይቁ፤ ብዙ ጊዜ ጋራዥ ውስጥ ያለው አብረቅራቂው ብቻ ነው።

ፓውደር ኮት

የአልሙኒየም በርና መስኮት፣ የቢሮ ወንበርና ጠረጴዛ የሚሸፈንበት ዱቄት ቀለም ነው። ዱቄቱ በኤሌክትሪክ ተሞልቶ ብረቱ ላይ ይለጠፋል፤ ከዚያ ከ180 እስከ 200 ዲግሪ ሴልሺየስ ባለው ምድጃ ውስጥ ይጋገራል። ከ10 እስከ 20 ደቂቃ ይበቃዋል። ሲወጣ የደረቀ ነው፤ ሳምንት መጠበቅ የለም። ጥንካሬው ከጣሳ ቀለም ጋር አይወዳደርም። በፋብሪካ የሚሠሩ ብዙ የብረት ፕሌቶችም በዚሁ የተሸፈኑ ናቸው። ሻካራ ማት ጥቁር የሚባለው ዓይነት ደግሞ የብረቱን ጭረት ሁሉ ይደብቃል።

ችግሩን ቀድመን አይተነዋል፤ ውፍረቱ ነው። በዚያ ላይ ኤሌክትሪኩ ዱቄቱን ወደ ጀርባም ይስበዋል። ከፊት ብቻ ቢረጩት እንኳ ዞሮ ይለጠፋል። ስለዚህ ጀርባው ሙቀት በሚችል ፖሊስተር ቴፕ መሸፈን አለበት፤ ተራ የወረቀት ፕላስተር ምድጃ ውስጥ ይቃጠላል። ግድግዳዎቹ ላይ የተለጠፈውን ደግሞ በኋላ በትንሽ ጠፍጣፋ ሞረድ ማንሳት ነው። ሞረዱን ከተቀባው ፊት ወደ ጀርባ ግፉት እንጂ ወደ ላይ አትሳቡት። ወደ ላይ ከሳባችሁት ቀለሙን ከጠርዙ ያነሳዋል።

ፕሌቱን ገና በሌዘር የምታስቆርጡ ከሆነ ግን ይህ ሁሉ ጣጣ በአንድ እርምጃ ያልቃል። ሥዕሉ ላይ ቀዳዳውን በሁለት ቀለም ውፍረት ልክ አስፉት። 75 ማይክሮን ከሆነ 14.15 ላይ ይቆረጥ። ቀለሙ ሲያርፍበት ራሱ ወደ 14.00 ይመለሳል። ለፓውደር ቤቱ ውፍረቱን ጠይቁት፤ አብዛኛው መለኪያ አለው። በተጨማሪ አንድ ቀዳዳ ያለው ትንሽ ቁራጭ አብሮ ይቆረጥ። መጀመሪያ እሱ ይቀባ፣ ስዊች ይሞከርበት፣ ከዚያ ዋናው ይቀባ። ለዚህ ቁራጭ የምታወጡት ገንዘብ ፕሌቱን ከብክነት ያድናል።

አኖዳይዝ

በልክ በኩል ተወዳዳሪ የለውም። ቀለም አይደለም፤ የአልሙኒየሙ ራሱ ቆዳ ነው። ፕሌቱ ሰልፈሪክ አሲድ ውስጥ ገብቶ ኤሌክትሪክ ይለቀቅበታል፤ ላዩ ወደ ጠንካራና ስፖንጅ የመሰለ ኦክሳይድ ይለወጣል። ማቅለሚያው ጥቃቅኖቹ ቀዳዳዎች ውስጥ ይገባል፤ ከዚያ በሙቅ ውሃ ይታሸጋል። አይላጥም፣ ምክንያቱም ከብረቱ ላይ የተቀመጠ ሳይሆን ከብረቱ የወጣ ነው።

ገደቦቹ ግን ግልጽ ናቸው። ተራ ብረት፣ ስቴይንለስና ብራስ አይችሉትም። ከአልሙኒየምም እንደ 5052፣ 6061 እና 6063 ያሉት ጥሩ ይወስዳሉ። በቅርጽ የሚፈስሰው ሲሊኮን የበዛበት አልሙኒየም ግን ይጠቁራል፣ ይዥጎረጎራል። ደግሞም ነጭ የለም። ነጭ የሚሰጡት ቅንጣቶች ወደነዚያ ጥቃቅን ቀዳዳዎች ለመግባት ትልቅ ናቸው። ለመብራት ብላችሁ ነጭ የምትፈልጉ ከሆነ አኖዳይዝን ከዝርዝሩ አውጡት።

አሲድና ኤሌክትሪክ ስላለበት ቤት ውስጥ የሚሞከር አይደለም። ራሱ የሚገጣጥመውን የኪቦርድ ኪት ከሻጭ የሚያዝ ሰው ፕሌቱን አኖዳይዝ ተደርጎ ቢገዛ ይሻለዋል። አኖዳይዝ የሆነ ፕሌት ካላችሁና ቀለሙን ካልወደዳችሁት ቆዳውን ማንሳት አያስፈልግም። በቁጥር 600 በቀስታ አሻክሩት፣ ስስ ፕራይመር ስጡት፣ ከዚያ ቀቡት። ጥሩ መሠረት ነው።

አሜሪካ ወይም አውሮፓ ላላችሁ ደግሞ ሴራኮት አለ። ሴራሚክ ያለበት ስስ ቀለም ነው፤ በመጀመሪያ የታወቀው በጦር መሣሪያ ሽፋን ነው። የሚጋገረው ዓይነት በ121 ዲግሪ ለሁለት ሰዓት ምድጃ ውስጥ ይቆያል። ነጭም አለው፣ ለአልሙኒየምም ለብረትም ይሆናል፣ ውፍረቱም 25 ማይክሮን አካባቢ ነው። ፈቃድ ያላቸው ቀቢዎች በየከተማው አሉ። ቅርባችሁ ካለና ዋጋውን ከቻላችሁት፣ ነጭ ፕሌት ለሚፈልግ ሰው ከሁሉ የሚሻለው እሱ ነው።

እኔ ብሆን

ሆት-ስዋፕ የአልሙኒየም ፕሌት ያለውና ስዊች መቀያየር የሚወድ ሰው፣ ጥቁር ወይም ሌላ ቀለም ከፈለገ አኖዳይዝ። ነጭ ከፈለገ ጋራዥ፣ በኢፖክሲ ፕራይመርና በቱ-ኬ ክሊር። ተራ ብረት ፕሌት በሌዘር ለሚያስቆርጥ ሰው ፓውደር ኮት፣ ቀዳዳውን አስፍቶ። ስዊቹን አንዴ ሶልደር አድርጎ ለዓመታት የማይነካ ሰው አክሬሊክ ላከር ከጣሳ ይበቃዋል፤ የሚጭረው ነገር የለምና። ብራስና ስቴይንለስ ሳይቀቡ ይቅሩ።

ጣሳውን ለመረጡ

ጥሩ የጣሳ ቀለምና መጥፎ የጣሳ ቀለም የሚለየው ከመርጨት በፊት ባለው ሥራ ነው። መጀመሪያ ፕሌቱን በላርጎና በሙቅ ውሃ እጠቡት። ከዚያ ፊቱን በቁጥር 400 ብርጭቆ ወረቀት አሻክሩ፣ የሚያብረቀርቅ ቦታ እስኪጠፋ ድረስ። ከዚያ በአይሶፕሮፒል አልኮል ወይም በአሴቶን ጥረጉ። ከዚህ በኋላ በባዶ እጅ አትንኩት። የጣት ቅባት ያለበት ቦታ ላይ ቀለሙ ይሸሻል።

ቀዳዳዎቹን ከጀርባ በፕላስተር ልሸፍን ወይ የሚል ጥያቄ ይመጣል። ለጣሳ አልመክርም። ቀለሙ ጥጉ ላይ ይጠራቀማል፣ ከፕላስተሩ ጋር ይጣበቃል፣ ፕላስተሩ ሲነሳ ጠርዙን ይዞ ይሄዳል። ይልቅ ፕሌቱን በሽቦ አንጠልጥላችሁ ወይም ወደ ኋላ ትንሽ አዘንብላችሁ አቁሙት፤ ከኋላው ክፍት ይሁን። ከፊት ለፊት ቀጥ አድርጋችሁ ስትረጩ ትርፉ በቀዳዳው አልፎ ይሄዳል፣ ግድግዳው ላይ የሚያርፈው ትንሽ ነው። ከጎን አዘንብላችሁ ከረጫችሁ ግን ሁሉም ግድግዳው ላይ ነው የሚቀረው። ይህች አንዲት ልማድ ከሞረድ ታድናችኋለች።

ጣሳውን ውስጡ ያለው ኳስ መንቀጫቀጭ ከጀመረ በኋላ ሁለት ደቂቃ ያህል ነቅንቁት። ከ20 እስከ 30 ሳንቲ ሜትር ራቁ። ከፕሌቱ ውጭ ጀምራችሁ ከፕሌቱ ውጭ ጨርሱ። የመጀመሪያው እጅ ብረቱን ሙሉ በሙሉ መሸፈን የለበትም፤ እንደ ጉም ስስ ይሁን። በየእጁ መካከል 10 ወይም 15 ደቂቃ ጠብቁ፣ ጣሳው ላይ የተጻፈው የተለየ ካልሆነ በስተቀር። ፕራይመሩ ሲደርቅ በቁጥር 600 በቀስታ እሹት።

የአየሩ ነገር ቀላል አይደለም። ሐምሌና ነሐሴ ላይ ዝናብ ከጣለ በኋላ አክሬሊክ ብትረጩ ቲነሩ ሲተን የሚያቀዘቅዘው ገጽ እርጥበት ይስባል፤ ጥቁሩ ላይ ነጭ ደመና ይወጣበታል። ፀሐይ ላይ ደግሞ ቀለሙ አየር ላይ እያለ ደርቆ አሸዋ ሆኖ ያርፋል። ነፋሻ በሆነው የበጋ ከሰዓትም አቧራ አለ። ጠዋት፣ ጤዛው ከደረቀ በኋላ፣ ጥላ ያለበትና አየር የሚተላለፍበት ቦታ ምረጡ። የከሰል ምድጃ ወይም ሌላ እሳት በአቅራቢያ አይኑር። የካርቦን ማጣሪያ ያለው ማስክና ጓንት አድርጉ።

ሲያልቅ ጀርባው ላይ ያመለጠውን ቀለም ሳይጠነክር በአሴቶን በነካ ጨርቅ ጥረጉ። ጨርቁ እርጥብ ይሁን እንጂ አይንጠብጠብ፤ ወደ ፊት ከፈሰሰ የለፋችሁበትን ያበላሸዋል። ከዚያ አክሬሊክ ከሆነ አንድ ሳምንት ተዉት። በሁለተኛው ቀን ደርቆ ታገኙታላችሁ፤ እንዳትታለሉ፣ ገና ለስላሳ ነው።

ሳምንቱ ሲሞላ በካሊፐር ጥቂት ቀዳዳዎችን ለኩ፣ በተለይ ጥጎቹን። ከ13.95 በታች የሆነውን በሞረድ አስተካክሉ። ስታቢላይዘሩ (እንደ ስፔስ ያሉ ረጃጅም ቁልፎች እንዳይዘሙ የሚይዘው) ፕሌቱ ላይ የሚሰካ ዓይነት ከሆነ የእሱንም ቀዳዳ ሞክሩ፤ ፒሲቢው ላይ የሚታሰር ከሆነ ቀለሙ አያገኘውም። ስዊቹን ስታስገቡ አራቱን ጥግ አስቀድሙ፣ ከዚያ መሃሉን። ፒሲቢውን ከሥር በጣታችሁ ደግፉት። ስዊቹን አውራ ጣት ከላይ አድርጋችሁ ቀጥ አድርጋችሁ ጫኑት፣ ሁለቱም መንጠቆ ቀጭ ሲል እስክትሰሙ።